ስኳሩን ቆርጣችሁ አትጣሉት

ሥራዬን ለሚጠይቀኝ ሰው "ኬሚስት ነኝ" ብዬ ባልፍ ደስ ይለኛል። አያሳልፉኝም። "የምን ኬሚስት?" ይከተላል። የስኳር ካልኩ አለቀልኝ። አንዱ ወንጂ ፋብሪካ የምሠራ ይመስለውና ኩንታሉን በስንት እንደማገኝ ይጠይቀኛል። ሌላዋ የእናቷን የመድኃኒት ወረቀት ከቦርሳዋ ታወጣለች። የምኖረው ዓለም ገና ነው፣ ከአየር ጤና ወጥታችሁ ወደ ሰበታ ስትሄዱ። እዚህ ሰፈር ኬሚስትነቴ የሚፈለገው ለአንድ ጉዳይ ብቻ ነው፤ ለማር።

በጅማ መንገድ የሚመጣ ማር በራችን ላይ ይሸጣል። የገዛ ሰው በጆግ ይዞ ይመጣል። "እስቲ እዪልኝ፣ ንጹሕ ነው ወይስ ስኳር አለበት?" ክብሪት ማሩ ውስጥ ነክሮ መጫር፣ ውሃ ላይ ጠብ ማድረግ፣ አሸዋ ላይ ማንከባለል፣ ይህን ሁሉ ቤታቸው ሞክረው ነው የሚመጡት። እውነቱን ለመናገር እነዚህ ሙከራዎች በአብዛኛው የሚናገሩት ማሩ ውስጥ ስላለው ውሃ ነው እንጂ ስኳር ስለመጨመሩ አይደለም። የረጋ፣ አሸዋ አሸዋ የሚል ማር ሲያዩ ደግሞ "ይኸው ስኳሩ!" ይላሉ። ስኳር መሆኑስ ስኳር ነው። ግን የማሩ የራሱ ነው። ከ100 ግራም ማር ውስጥ በአማካይ 38 ግራም ያህሉ ፍሩክቶስ፣ 31 ግራም ያህሉ ግሉኮስ ነው፣ ውሃው አብዛኛውን ጊዜ ከ20 ግራም አይበልጥም። ግሉኮስ በውሃ የመሟሟት አቅሙ ከፍሩክቶስ ያነሰ ስለሆነ ቀድሞ ይረጋል። ግሉኮስ የበዛበት ማር ቶሎ ረጋ ማለት ነው፣ በቃ።

የተጨመረ ስኳርን በደንብ ለመያዝ ከሚያገለግሉት መንገዶች አንዱ ካርቦኑን ማየት ነው። ሸንኮራ አገዳና በቆሎ ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚይዙበት መንገድ ንቦች ከሚቀስሟቸው አብዛኞቹ አበቦች ይለያል። ስለዚህ ስኳራቸው ውስጥ ያለው የካርቦን 13፣ ማለትም ከበድ ያለው የካርቦን ዓይነት፣ መጠን ትንሽ ከፍ ይላል። ይህን ልዩነት ማሽን እንጂ ዓይን አያነበውም። ቡና ላይ ለአንዲት ጎረቤቴ ይህን ሁሉ ዘርዝሬ ሳስረዳቸው በትዕግሥት አዳመጡኝና "ታዲያ ይኸን ሁሉ ዘመን ተምረሽ ማር አትለዪም?" አሉኝ። አልለይም፣ እትዬ።

ማሩን ልተወው። ዛሬ የምጽፈው ስለ ሙያዬ ነው፣ በተለይ ደግሞ ሲያናድደኝ ስለኖረ አንድ የሙያችን ልማድ። (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፋቸው።)

በአገራችን ኦርጋኒክ ኬሚስትሪ ማለት ከጥንትም በብዛት የዕፅዋት ኬሚስትሪ ነው። ያልተነካ ዕፅዋት ሞልቶናል፣ የባህል መድኃኒት ዕውቀት ሞልቶናል፣ ስለዚህ አራት ኪሎ የተማረ ኬሚስት ሁሉ አንድ ቀን ቅጠል ይፈጫል። ይህ መጥፎ ነገር አይደለም። እነ ፕሮፌሰር ኤርሚያስ ዳኜ በእሬት ዝርያዎች ላይ የሠሩት ሥራ ዓለም የሚጠቅሰው ነው። አሠራሩም ለሁላችንም አንድ ነው። ቅጠሉን ወይም ሥሩን ጥላ ሥር ታደርቃለህ፣ ትፈጫለህ፣ ሜታኖል የሚባል አልኮል ውስጥ ትዘፈዝፋለህ፣ ታጣራለህ፣ ሜታኖሉን በሮታሪ ታተናለህ፣ የቀረውን በሲሊካ ጄል ኮለም፣ ዱቄት በተሞላ ቱቦ፣ እየለያየህ ታወርዳለህ፣ ንጹሕ የመሰለህን የሞለኪውል መዋቅር በሚያሳየው መሣሪያ፣ በኤን.ኤም.አር፣ ታስነሣለህ። መዋቅሩን ካወቅክ ቴሲስህ ተጻፈ።

ችግሩ የሚመጣው ያገኘኸው ነገር ላይ ስኳር ሲንጠለጠልበት ነው። ዕፅዋት ውስጥ ደግሞ በጣም ብዙው ነገር ስኳር ተንጠልጥሎበታል። ግላይኮሳይድ ይባላል። ስኳር ያለበት ነገር ሲሊካ ላይ ይጣበቃል፣ ክሪስታል አይሆንም፣ ኤን.ኤም.አሩም ይመሰቃቀላል። የስኳር ሃይድሮጅኖች አብዛኞቹ በኤን.ኤም.አሩ መለኪያ ከ3.2 እስከ 4 ፒፒኤም ባለችው ጠባብ ቦታ ላይ ተደራርበው ይቆማሉ። አንዱን ከአንዱ መለየት ዓይን ያፈዛል። ታዲያ የተለመደው መፍትሔ ምንድነው? አሲድ ውስጥ መቀቀል። ስኳሩ ተቆርጦ ይወድቃል፣ የቀረው ክፍል፣ አግላይኮን የሚባለው፣ ንጹሕና የሚያምር ኤን.ኤም.አር ይሰጣል፣ ተማሪው ይመረቃል።

እኔም ገና ጀማሪ ሳለሁ የተሰጠኝ ምክር ይኸው ነበር። "ስኳሩን ቆርጠሽ ጣይውና ዋናውን ሥሪ።" ምክሩን የሰጡኝ ሰው ክፉ አልነበሩም፣ በጊዜ እንድመረቅ ነው የፈለጉት። እኔ ግን "ዋናው" የትኛው እንደሆነ ማን እንደወሰነ አልገባኝም ነበር። አሁንም አልገባኝም። ዋናው እሱ ከሆነ ዕፅዋቱ ምን አስለፋው? ያን ስኳር ለመስቀል ኢንዛይም ሠርቷል፣ ጉልበት አውጥቷል።

የዚህ ጥያቄ ምርጥ መልስ ያለው ደግሞ እዚሁ አጥራችን ሥር ነው። እንዶድ።

የአክሊሉ ለማን ታሪክ የማያውቅ ያለ አይመስለኝም፣ ግን ብዙ ጊዜ የሚነገረው ግማሹ ነው። ዶክተር አክሊሉ በ1964 አድዋ ላይ ስለ ቢልሃርዝያ ሲያጠኑ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች ወንዙ ውስጥ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በብዛት አዩ። ቢልሃርዝያን የሚያስተላልፈው ጥገኛ ትል ቀንድ አውጣ ውስጥ ሳያድግ ሰው ላይ አይደርስም። ቀንድ አውጣው ከሞተ ሰንሰለቱ ተበጠሰ። ይኸ ግኝት በኋላ፣ በ1989፣ አክሊሉ ለማና ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት እንዲያገኙ አደረገ። እስከዚህ ሁሉም ያውቃል።

የማይነገረው ኬሚስትሪው ነው። እንዶድ ውስጥ ያለው ገዳይ ሳፖኒን ነው። አንዱ ሳፖኒን በእሳቸው ስም ለማቶክሲን ተብሏል። ሳፖኒን ማለት ቅባት የሚወድ አንድ ትልቅ ክፍል፣ እንዶድ ላይ ኦሊያኖሊክ አሲድ የሚባለው፣ ውሃ ከሚወድ የስኳር ሰንሰለት ጋር ተጣምሮ ማለት ነው። አረፋው የሚመጣው ከዚህ ነው፣ ነጠላ የሚያነጣውም ይኸው ነው። ስኳሮቹ ግሉኮስና ጋላክቶስ ናቸው፣ በአንዳንዶቹ ላይ ራምኖስም አለ። አሁን ልብ በሉ። ፍሬው ሳይነካ ዛፉ ላይ እያለ ሳፖኒኖቹ በብዛት በሁለት በኩል ስኳር አላቸው፣ ካርቦን 3 ላይና ካርቦን 28 ላይ (ካርቦኖቹን በቁጥር ነው የምንጠራቸው)። እንዲህ ሲሆኑ ቀንድ አውጣ አይገድሉም። ፍሬው ተፈጭቶ ውሃ ሲነካው ፍሬው ውስጥ ያለ ኢንዛይም ነቅቶ የካርቦን 28ቱን ስኳር ይቆርጠዋል። በአንድ በኩል ብቻ ስኳር ያለው ሳፖኒን ይቀራል። ገዳዩ እሱ ነው። ሁሉንም ስኳር በአሲድ ቀቅላችሁ ከጣላችሁ ደግሞ የቀረው ኦሊያኖሊክ አሲድ ብቻውን ቀንድ አውጣውን ምንም አያደርገውም።

በሁለት በኩል ስኳር ካለ አይሠራም። ምንም ስኳር ከሌለ አይሠራም። በአንድ በኩል ብቻ፣ በትክክለኛው ቦታ፣ ሲሆን ይገድላል። እንግዲህ የትኛው ነው "ዋናው"?

የበለጠ የሚያስቀኝ ይኼ ነው። እኛ ኬሚስቶች እንዶዱን በልማዳችን ሜታኖል ውስጥ ብንዘፈዝፈው ሜታኖሉ ኢንዛይሙን ያሽመደምደዋል፣ ሳፖኒኖቹ ሁለቱንም ስኳር እንደያዙ ይወጣሉ፣ ሙከራው "አይሠራም" ይላል። የአድዋ ሴቶች ግን ፈጭተው በቀዝቃዛ ውሃ ነው የሚዘፈዝፉት። የእነሱ ዘዴ ትክክል ነበር። ይህንን የሜታኖልና የውሃ ልዩነት ኬሚስቶች ያወቁት አክሊሉ ለማ ወንዙ ዳር ከቆሙ ከብዙ ዓመት በኋላ፣ በ1980ዎቹ ነው። በሜታኖል ብቻ ተሞክረው "ምንም የላቸውም" ተብለው ዶሴያቸው የተዘጋ ስንት የባህል መድኃኒቶች እንዳሉ ሳስብ እንቅልፍ አይወስደኝም። ማጋነኔ አይደለም። እሺ፣ ትንሽ ነው።

እሬትም አለ። ጡት ለማስጣል እሬት የተቀባበት ሰው ምሬቱን ያውቀዋል። ከመራራዎቹ አንዱ አሎይን ነው፣ አሎይን ላይም ግሉኮስ አለ። አዎ፣ ስኳር የተሸከመ መራራ። ግን የአሎይን ግሉኮስ የተያያዘው እንደ ሌሎቹ በኦክስጅን በኩል አይደለም፣ በቀጥታ ካርቦን ከካርቦን ነው። ስለዚህ እንደ ልማዳችሁ በአሲድ ብትቀቅሉት አይወድቅም። እንዲህ ያለ ግላይኮሳይድ ሲገጥማቸው አሲዱ አልሠራ ብሏቸው የተበሳጩ ተማሪዎችን አይቻለሁ፣ እኔ ግን በሆዴ ደስ ይለኛል። ቢያንስ አንዱ ስኳር አልጣልም አለ።

ወደዚህ ሙያ ያስገባኝን ሰው ላንሣ። ኤሚል ፊሸር፣ ጀርመናዊ፣ በ1852 የተወለደ። በ1875 ፌኒልሃይድራዚን የሚባል ንጥረ ነገር ሠራ፣ በ1884 ከስኳር ጋር ምን እንደሚያደርግ አሳወቀ። ይህ ለምን ትልቅ ነገር እንደሆነ ለመረዳት ስኳር ቤተ ሙከራ ውስጥ ምን ያህል አስቸጋሪ እንደሆነ ማወቅ አለባችሁ። ትንሽ ባዕድ ነገር ካለበት ክሪስታል አይሆንም። ሽሮፕ ሆኖ ይቀራል፣ ብልቃጡ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ያያችኋል። በዚያ ዘመን ደግሞ አንድ ነገር ምን እንደሆነ ለማወቅ ክሪስታል አድርጎ የሚቀልጥበትን ሙቀት መለካት ዋናው መንገድ ነበር። ሽሮፕ ይዞ ማንም ምንም ሊል አይችልም። ፌኒልሃይድራዚን ግን ሽሮፑን ወደ ቢጫ ክሪስታል ቀየረው። ኦሳዞን ይባላል።

ቀጥሎ ያደረገው ነው እኔን የማረከኝ። ግሉኮስ፣ ማኖስና ፍሩክቶስ ሦስት የተለያዩ ስኳሮች ናቸው፣ የሰጡት ኦሳዞን ግን አንድ ዓይነት ሆነ። ሌላ ሰው ቢሆን ሙከራው ተበላሸ ብሎ ይደፋው ነበር። ፊሸር ግን አሰበ። ሪአክሽኑ የሚነካው ከላይ ያሉትን ሁለት ካርቦኖች ብቻ ነው። ውጤቱ አንድ ከሆነ ሦስቱ ስኳሮች ከሦስተኛው ካርቦን ጀምሮ እስከ ታች አንድ ናቸው ማለት ነው። ኬሚስቱ ቫንት ሆፍ በ1874 ባወጣው ሐሳብ መሠረት አቶሞቻቸው እንደ ግሉኮስ የተያያዙ፣ በአቅጣጫ ብቻ የሚለያዩ ስኳሮች 16 ሊሆኑ ይገባል። ፊሸር እንዲህ እንዲህ እያለ፣ ስኳሩን በአንድ ካርቦን እያስረዘመ፣ ጫፎቹን እያነጻጸረ፣ በ1891 ከ16ቱ መካከል ግሉኮስ የቱ እንደሆነ ለየ። አንድ ነገር ብቻ ማወቅ የሚቻልበት መንገድ አልነበረም፣ መላው ነገር የቀኝ ነው ወይስ በመስታወት የሚታየው የግራ መልኩ የሚለው። አንዱን መረጠ። ከሁለት አንድ ዕድል ነው። በ1951 ባይፉት የተባለ ሆላንዳዊ በኤክስሬይ ሲያረጋግጥ የፊሸር ምርጫ ልክ ሆኖ ተገኘ። ፊሸር ያኔ የለም፣ በ1919 ነው የሞተው። ኖቤሉን በ1902 ወስዷል፣ ያ ፌኒልሃይድራዚንም ጤናውን ክፉኛ ጎድቶታል።

ኤን.ኤም.አር የለ፣ ማስ ስፔክትሮሜትር የለ። ብርጭቆ፣ ሚዛን፣ ቴርሞሜትር፣ የብርሃን መጠምዘዝ የሚለካ ፖላሪሜትር፣ እና ጭንቅላት። ይህን ታሪክ ስናገር "አያችሁ፣ መሣሪያ አያስፈልግም" የሚሉኝ ኃላፊዎች አሉ። ተሳስተዋል። ፊሸር ከጎኑ የጀርመን የኬሚካል ኢንዱስትሪ ነበረለት፣ ሪኤጀንት ሲያልቅበት ፕሮፎርማ ሰብስቦ ጨረታ አላወጣም። ታሪኩን የምወደው ለሌላ ነገር ነው፤ የተበላሸ የመሰለ ውጤት ይዞ ስለ ተቀመጠ።

ኦሳዞኑን አሁንም ተማሪዎቼ ይሠሩታል፣ ጓንትና ፊውም ሁድ አስገድጄ። የፈላ ውሃና ተራ ማይክሮስኮፕ ነው የሚፈልገው። የግሉኮስ ክሪስታል ቀጫጭን ረጃጅም ሆኖ ብቅ ሲል ክፍሉ ውስጥ የሚሰማው ጫጫታ ከየትኛውም ሌክቸር ይበልጥብኛል።

እኔ ራሴ የምሠራው ግን መለየት ብቻ አይደለም፣ መገጣጠምም ነው። ስኳርን ከስኳር በተፈለገው ቦታ፣ በተፈለገው አቅጣጫ ማያያዝ። ቀላል ይመስላል አይደል? ግሉኮስ አምስት ኦኤች፣ ማለትም አምስት የኦክስጅንና የሃይድሮጅን ጥንዶች፣ አለው፣ አምስቱም በጠባያቸው የሚቀራረቡ። አምስት መንትዮች ያሉበት ቤት ገብታችሁ አንዱን ብቻ ለመጥራት ሞክሩ፣ አምስቱም "አቤት" ይላሉ። ስለዚህ የማንፈልጋቸውን አራቱን አፋቸውን እንይዛለን። አንዱን በአሴቲል፣ አንዱን በቤንዚል፣ ሁለቱን አንድ ላይ በቤንዚሊዲን። ከዚያ ነፃ የቀረው ብቻ ሪአክት ያደርጋል። ከዚያ የያዝነውን እንለቃለን፣ በቅደም ተከተል። አንድ ማያያዣ ለመሥራት ብዙ እርምጃ ይሄዳል፣ በየእርምጃው ትንሽ ትንሽ ይባክናል፣ መጨረሻ ላይ በእጅህ የምትቀረው ዱቄት ሚዛኑ ላይ መኖሯ ያስገርማል።

በዚያ ላይ አቅጣጫው አለ። አዲሱ ማያያዣ አልፋ ወይም ቤታ ሊሆን ይችላል። ልዩነቱ ቀልድ አይደለም። ግሉኮስን በአልፋ ብትደረድረው ስታርች ነው፣ ትበላዋለህ። በቤታ ብትደረድረው ሴሉሎስ ነው፣ ጥጥና እንጨት። ያው ግሉኮስ፣ ያው ቁጥር ያላቸው ካርቦኖች፣ አንዱ እንጀራ ሆኖ አንዱ ጋቢ ሆነ።

የስኳርን ጠባይ በቁጥር ለሚወድ ሰው አንድ ልንገር። ሦስት የተለያዩ አሚኖ አሲዶች በተርታ ብታያይዙ 6 ዓይነት ቅደም ተከተል ነው የምታገኙት። ሦስት የተለያዩ ባለ ስድስት ካርቦን ስኳሮች ግን ከ1,056 እስከ 27,648 የተለያዩ ነገሮች ሊሰጡ ይችላሉ። ሻይ ውስጥ የምትጨምሩት ተራ ስኳር፣ ሱክሮስ፣ ሁለት ቁራጭ ብቻ ናት፣ ግሉኮስና ፍሩክቶስ። እሷን እንኳ ኬሚስቶች በቤተ ሙከራ መገጣጠም የቻሉት በ1953 ነው፣ ሌሚዩ የተባለ ካናዳዊ ከሥራ ባልደረባው ከሁበር ጋር። አገዳው ሳይማር ይሠራታል።

ስለ ቤተ ሙከራችን ብዙ አላማርርም፣ አንባቢም ሰልችቶታል። መብራት ሲሄድ ቫኪዩሙ ይቆማል፣ ሮታሪው ውስጥ ያለው ሽሮፕ ያርፋል፣ እኛም እናርፋለን። የቧንቧ ውሃ ሲጠፋ ለማቀዝቀዣ ከሮቶ በትንሽ ፓምፕ እያዞርን ያንኑ ውሃ እንጠቀማለን፣ እንደውም ውሃ ቆጥበናል። የሚያስለቅሰው አሴቲክ አንሃይድራይድ ነው። ስኳርን በአሴቲል ለመያዝ ከእሱ የሚሻል የለም፣ ግን ሄሮይን ለመሥራትም ስለሚውል በመላው ዓለም ቁጥጥር ይደረግበታል። የፈቃድ ደብዳቤ ይዤ በየቢሮው ስዞር ፊቴን ቀና ብለው የሚያዩኝ ሰዎች ምን እያሰቡ እንደሆነ አውቃለሁ። ኤን.ኤም.አር ደግሞ የውሰት ነው። ናሙናችንን በጋዜጣ ጠቅልለን፣ በታክሲ፣ ቀጭኗ የመስታወት ቱቦ እንዳትሰበር ጭናችን ላይ ይዘን እንሄዳለን። "እናቴ፣ ጠጋ በይ እንጂ" ይለኛል ረዳቱ። አልጠጋም።

ውጤቱ ሲመጣ ግን መጀመሪያ የማየው አንድ ቦታ ነው። ከሌሎቹ ግርግር ራቅ ብሎ፣ ከ4.3 እስከ 5.5 አካባቢ፣ የመጀመሪያው ካርቦን ሃይድሮጅን ብቻውን ይቆማል። መስመሩ ለሁለት የተሰነጠቀበት ርቀት በግሉኮስ ላይ ወደ 8 ኸርዝ ከተጠጋ ቤታ ነው፣ 3 ወይም 4 ከሆነ አልፋ። የወራት ሥራ እዚያች ስንጥቅ ላይ ይፈረዳል።

"ይኸ ሁሉ ልፋት ለምን ይጠቅማል?" የሚለውን ቤተሰቦቼም ይጠይቁኛል። አባቴን ዝም ያሰኘሁት በደም ዓይነት ነው። ኤ እና ቢ የደም ዓይነትን የሚለየው ቀይ የደም ሴል ላይ ያለ የስኳር ሰንሰለት ጫፍ ላይ የምትቀመጥ አንዲት ስኳር ናት። ኤ ላይ ኤን-አሴቲል ጋላክቶሳሚን፣ ቢ ላይ ጋላክቶስ፣ ኦ ላይ ሁለቱም የሉም። በሁለቱ ስኳሮች መካከል ያለው ልዩነት አንድ ቅጥያ ነው። በስህተት ደም ብትሰጥ ግን ሰው ሊሞት ይችላል።

ከደም ይልቅ ግን የምወደው ምሳሌ የኩባ ነው። ሂብ የምትባል ባክቴሪያ ሕፃናት ላይ ማጅራት ገትርና የሳንባ ምች ታመጣለች። ውጪዋ በስኳር ሰንሰለት የተሸፈነ ነው። ያን ሰንሰለት ብቻውን ለሕፃን ብትሰጡት ሰውነቱ በደንብ አይለየውም። ከፕሮቲን ጋር ካያያዛችሁት ግን ይለየዋል፣ ይህን መንገድ ጎብልና አቬሪ በ1929 አሳይተዋል። ሌሎች ፋብሪካዎች ስኳሩን ለማግኘት ባክቴሪያዋን ራሷን በጋን በጋን ያሳድጋሉ። የሃቫናው ኬሚስት ቪሴንቴ ቬሬዝ ቤንኮሞና ጓደኞቹ፣ ከካናዳዊው ረኔ ሯ ጋር፣ ስኳሩን በኬሚስትሪ ገጣጠሙት፣ ቴታነስ ቶክሶይድ ከሚባል ፕሮቲን ጋር አያያዙት፣ በ2004 ሳይንስ በተባለው መጽሔት ላይ አወጡት፣ አገራቸውም ልጆቿን በእሱ ከተበች። በሰው ሠራሽ ስኳር የተሠራ፣ ለሰው የተፈቀደ የመጀመሪያው ክትባት ነው። ኩባ ማዕቀብ ላይ ያለች፣ ዶላር የሚያጥራት አገር ናት። እንደምታውቋት።

እኛም ጋ ሂብ ያለበት ባለ አምስቱ ክትባት ከ2007 ጀምሮ ይሰጣል፣ በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት። ከ2013 ጀምሮ በዘመቻ የተሰጠው የማጅራት ገትር ኤ ክትባትም ያው ስኳር ከፕሮቲን ጋር ነው። ልጅ አቅፋችሁ ጤና ጣቢያ ተሰልፋችሁ የምታውቁ ሁሉ የካርቦሃይድሬት ኬሚስትሪ ደንበኞች ናችሁ። ስኳሩን የሚሠራ ግን እዚህ የለም፣ ሁሉም ከውጭ ነው የሚመጣው። ይህ መቀየር ይችላል ብዬ አምናለሁ፣ ነገ ግን አይደለም፣ ነገ ነው የሚላችሁን አትመኑት።

ተስፋ ስቆርጥ የማስበው ሌላ ሰው አርጀንቲናዊው ሉዊስ ሌሎር ነው። ሴሎች ስኳርን ከስኳር ለማያያዝ አስቀድመው ኑክሊዮታይድ የሚባል ተሸካሚ ሞለኪውል ላይ እንደሚያስቀምጡት ያወቀው እሱ ነው፣ በ1970 የኬሚስትሪ ኖቤል አገኘ። የሠራው ቦነስ አይረስ ውስጥ ባረጀ ቤት ነው። ጣሪያው ያፈስ ነበር። የሚቀመጥበት ወንበር የተበጣጠሰና በገመድ የታሰረ ነበር፣ ፎቶው አለ። ፎቶውን አትሜ ቤተ ሙከራ ውስጥ ልሰቅለው ፈልጌ ነበር፣ በኋላ ግን የበጀት ክፍል ሰዎች አይተውት ሐሳብ እንዳያገኙ ብዬ ተውኩት።

አሁን ማስተርስ የሚሠሩ ልጆች አሉኝ። ጎበዞች ናቸው፣ ግማሾቹ ልባቸው ውጭ ነው፣ አልፈርድባቸውም። ከእነሱ ጋር የምጣላው በአንድ ነገር ብቻ ነው። ዕፅዋት ይዘው ሲመጡ የመጀመሪያው ጥያቄያቸው "ሜታኖል አለን?" ነው። እኔ ደግሞ "ያዘዘው ሰው እንዴት ነው የሚያዘጋጀው?" እላለሁ። ባለ መድኃኒቱ በውሃ አድሮ ከሆነ የሚሰጠው፣ አንዱን ክፍል በውሃ አሳድሩት። አፍልቶ ከሆነም አፍሉት። በጠላ በጥብጦ ከሆነ፣ እሺ እሱን እንነጋገርበታለን። ኤክስትራክት ማድረግ የሙከራው መጀመሪያ ነው፣ እዚያ ላይ የጠፋ ስኳር ኮለም ላይ አይገኝም።

እናንተም ሙያው ውስጥ ያላችሁ፣ መደርደሪያ ላይ "አይሠራም" ብላችሁ የተዋችሁት የደረቀ ፍሬ ወይም ሥር ካለ አውጡት። ሁለት ቦታ ክፈሉት፣ ግማሹን ሜታኖል ውስጥ፣ ግማሹን ፈጭታችሁ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ አሳድሩ። ጠዋት ሁለቱን ጎን ለጎን አንድ ቲኤልሲ፣ ንጥረ ነገሮችን በነጥብ በነጥብ የሚለይ ስስ ሰሌዳ፣ ላይ አስሩጡ፣ ሰልፈሪክ አሲድ በአልኮል ቀላቅላችሁ ርጩበት፣ ስኳር ያለበት ቦታ ሁሉ እስኪጠቁር አሙቁት። የሁለቱ ነጥቦች ከተለያዩ ኢንዛይም ሥራ ላይ ነበረ ማለት ሊሆን ይችላል፤ የባዮሎጂ ሙከራውን ድገሙት፣ በዚህኛው ጊዜ ግን በውሃው።